የእግር አውራ ጣት መጣመም፦ የሌሊት ማሰሪያ፣ የጣት መለያያ ወይስ ሶል?

ጥያቄ፦ መምህርት ከጉለሌ

ጤና ይስጥልኝ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፣ ዕድሜዬም ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሴት ነኝ፤ አብዛኛውን የሥራ ሰዓቴን በሰሌዳ ፊት ቆሜ አሳልፋለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ወደ ሁለተኛው ጣት እያዘነበለ፣ ከሥሩ ያለው መገጣጠሚያም ወደ ጎን እየጎላ መጥቷል፤ ግራውም ያንኑ መንገድ የያዘ ይመስላል። ጎልቶ የወጣው ቦታ በጫማ ሲታሽ ይቀላል፣ ከሰዓት በኋላም ያቃጥለኛል። ከሁለተኛው ጣት ሥር ደግሞ የውስጥ እግሬ ቆዳ ስለደነደነ ጠጠር የረገጥኩ ያህል ይሰማኛል። እናቴም እንዲህ ዓይነት እግር ነበራት።

ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ችግሩ ቡኒየን የሚባለው እንደሆነ፣ ሰፊ ጫማ ማድረግ እንዳለብኝ፣ ካልተሻለኝም ቀዶ ሕክምና መኖሩ ተነግሮኛል፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር ከዚህ በላይ ለመጠየቅ አልተመቸኝም። ይህን የሰማች ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ሦስት ነገሮች ገዝታ ላከችልኝ፦ ሌሊት አውራ ጣትን ወደ ቦታው ስቦ የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ በሁለቱ ጣቶች መካከል የሚገባ የሲሊኮን መለያያ፣ እንዲሁም ጉብታውን የሚሸፍን ለስላሳ የጄል ልባስ። በማሰሪያው ካርቶን ላይ የተጣመመ ጣት ቀጥ ሲል የሚያሳይ ሥዕል አለ።

መጠየቅ የምፈልገው ይህን ነው። ማሰሪያው በእርግጥ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል? የሲሊኮኑን መለያያ ጫማ ውስጥ አድርጌው ስውል ሁለተኛው ጣቴ ስለሚያመኝ አልቻልኩትም፤ ይህስ የሚለመድ ነው ወይስ መተው አለብኝ? በእግሬ ልክ የሚሠራ፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ ሶል እንዳለም ሰምቻለሁና ለዋጋው የሚገባ እንደሆነ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። በመጨረሻም የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ እግር ላይ ያው ነገር የጀመረ መስሎኛል፤ ለእርሷስ ከአሁኑ ማሰሪያ ልግዛላት?

ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፦ ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ቅዳሴውን ሙሉ ስቆም፣ ትምህርት ቤት ከምቆመው ያልተናነሰ ሰዓት ቢሆንም፣ ሕመሙ በጣም ቀላል ነው።


መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ፣ መምህርት። ያላየሁትን እግር መመርመር ስለማልችል የምጽፈው ስለ ችግሩ በጠቅላላው ነው፤ ሆኖም ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡት በዝርዝር ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የተጣመመው ምን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ብዙ ሰው ከእግሩ ጎን አዲስ አጥንት የበቀለ ይመስለዋል፤ ጉዳዩ ግን እንዲያ አይደለም። ከአውራ ጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ሲያፈነግጥ፣ አውራ ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ያዘነብላል፤ ጎልቶ የሚታየው ጉብታም የዚያ የረጅሙ አጥንት ራስ ነው። በላዩ ያለችው ፈሳሽ የያዘች ቀጭን ከረጢት በጫማ ስትታሽ ታብጣለች፣ ትቀላለች፤ እርስዎን ከሰዓት በኋላ የሚያቃጥልዎትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ የከፋው ነገር፣ ጣቱን ቀጥ አድርገው ሊይዙት የሚገባቸው ጅማቶች መስመራቸውን ሲስቱ ራሳቸው ወደ ጎን የሚጎትቱት መሆናቸው ነው፤ አንዴ የጀመረ መጣመም በየእርምጃው የሚገፋው ስለዚህ ነው። ባለሙያዎች መጠኑን የሚለኩት ታማሚው ቆሞ በሚነሣው ራጅ ላይ ሲሆን፣ በአውራ ጣቱና በረጅሙ አጥንት መካከል ያለው ማዕዘን ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ እንደ ጤነኛ ይቆጠራል፣ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከባድ ይባላል።

ወደ ማሰሪያው ልምጣ። ሌሊት እግር የሰውነትን ክብደት አይሸከምም፤ ስለዚህ ፕላስቲኩ ጣቱን ስቦ ቀጥ አድርጎ መያዝ አያቅተውም። ጠዋት ተነሥተው ሲቆሙ ግን ክብደቱ ይመለሳል፣ ጅማቶቹም የለመዱትን መጎተት ይቀጥላሉ። በዐዋቂ ሰው ላይ የሌሊት ማሰሪያ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶ በዚያው ያጸናል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ኢራን ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አነስተኛ ጥናት የሌሊት ማሰሪያ የተሰጣቸው ሴቶችና የጣት መለያያ ያለው ሶል የተሰጣቸው ሴቶች ተነጻጽረው ነበር፤ የሕመም መቀነስ የታየው በሶሉ ተጠቃሚዎች ላይ ሲሆን፣ ማዕዘኑ ግን በሁለቱም ወገን አልተለወጠም። በካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል እንግዲህ ምናልባት ማሰሪያው እንደታሰረ የተነሣ ፎቶ ነው ብለው ይቁጠሩት። ይህን ስል ጣሉት ማለቴ አይደለም። ጠዋት ጣትዎ ደርቆ የሚነሣ ከሆነ መሳሳቡ ሊያፍታታው ይችላል፤ አንዳንድ ሰዎችም እፎይታ እንደሚሰጣቸው ይናገራሉ። በጣም አያጥብቁት፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ይፍቱት፣ አስረውትም አይራመዱ።

የሲሊኮኑ መለያያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም እርሱ የሚሠራው ጫማ ውስጥ ነው፣ ጫማ ውስጥ ደግሞ ቦታ የተወሰነ ነው። በጠባብ ጫማ ውስጥ በሁለት ጣቶች መካከል ወፍራም ነገር ሲጨመር ጫማው ከውጭ፣ ሲሊኮኑ ከመካከል ይገፋሉ፤ ከሁለቱ ጣቶች ደካማው ሁለተኛው ስለሆነ የሚሸሸው እርሱ ነው። ሕመምዎ የሚለመድ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። እየተገፋ የኖረ ሁለተኛ ጣት ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ ሊቆለመም ወይም በአውራ ጣቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። መለያያው የሚጠቅመው ጫማው ሰፊ ሲሆን፣ ውፍረቱም ሁለቱ ጣቶች እንዳይፋተጉ የሚያደርግ እንጂ የሚገፋፋ ሳይሆን ሲቀር ነው። የጄሉ ልባስም ያው ነው፤ ሰፊ ጫማ ውስጥ መታሸትን ይከላከላል፣ ጠባብ ጫማ ውስጥ ግን ጉብታውን የበለጠ ያወፍረዋል።

ሶልን በተመለከተ፣ በጽሑፍዎ ውስጥ የሶል ነገር ይበልጥ የሚነካው ጉብታውን ሳይሆን ከሁለተኛው ጣት ሥር የደነደነውን ቆዳ ነው። አውራ ጣት ሲጣመም ሊሸከም የሚገባውን ክብደት ስለማይሸከም ጫናው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ ቆዳው የሚደነድነው ለዚህ ነው። ከዚያ ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ የምትቀመጥ ጉብ ያለች ትራስ ያላት ሶል ክብደቱን ታከፋፍላለች። ትራሷ ከደነደነው ቦታ በስተኋላ መሆኗ ቀርቶ በቀጥታ ከሥሩ ከተቀመጠች ሕመሙን ታባብሰዋለች፤ ብዙ ሰው ሶል አልጠቀመኝም የሚለው በዚህች በጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው። በልክ የሚሠራው ሶል ውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በተዘጋጀው ቢጀምር አይጎዳም። እግሩ በጣም ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት፣ ወይም በስኳር ምክንያት የእግሩ ስሜት የቀነሰ ሰው ግን ከመጀመሪያውም ባለሙያ ለክቶ የሚሠራለት ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል ስሜት ላጣ እግር ጫማና ሶል በመሥራት ረጅም ልምድ ያለው በሥጋ ደዌ ሕክምና ምክንያት ነውና፣ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው እዚያ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከጻፉት ሁሉ እኔን የሳበኝ ግን የቅዳሴው ነገር ነው። ባዶ እግርዎን ለረጅም ሰዓት ሲቆሙ ሕመሙ የሚቀንስ ከሆነ፣ የሕመምዎ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከመገጣጠሚያው ውስጥ ሳይሆን ጫማው ከሚነካው ቦታ ነው ማለት ነው። መገጣጠሚያው ራሱ ቢጎዳ ኖሮ ባዶ እግርዎን ሲራመዱና በጣትዎ ሲገፉም ያምዎት ነበር። ስለዚህ ያለዎት ገንዘብ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ጫማ ላይ ያውሉት፤ መደገፊያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉብታው በድንገት፣ በተለይም ሌሊት፣ አንሶላ እንኳ የማያስነካ ሆኖ ቢያብጥና ቢሞቅ ያ የመጣመም ሕመም ላይሆን ይችላል፤ ሪህ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ለእርሱ ማሰሪያ አይረዳም፣ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ስለ ልጅዎ፦ እባክዎ ማሰሪያም ሶልም አይግዙላት። እንግሊዝ ውስጥ ከዘጠኝ እስከ አሥር ዓመት የሆኑ 6000 ያህል ሕፃናት ተመርምረው ችግሩ የተገኘባቸው 122 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ለአንዱ ወገን ሶል ተሠራለት፣ ሌላው ያለ ምንም ሕክምና ተተወ። ከዓመታት በኋላ ጣታቸው በሁለቱም ወገን የበለጠ ተጣምሞ ተገኘ፤ ሶል የተሰጣቸው ልጆች ደግሞ ከሌሎቹ የተሻሉ አልነበሩም፣ እንዲያውም መጣመሙ በእነርሱ ላይ በረታ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ለልጅዎ የሚያስፈልጋት እግሯ ሲያድግ አብሮ የሚለወጥ ጫማ ነው፤ በዚያ ዕድሜ እግር ቶሎ ስለሚያድግ በየሁለትና ሦስት ወሩ በእጅዎ እየዳሰሱ ይፈትሹት። ሕመም ካላት ወይም ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ከሆነ የአጥንት ሐኪም ይያት፤ ቀዶ ሕክምና ግን በአብዛኛው እድገት እስኪያበቃ ይቆያል።


መልስ፦ ጫማ ሠሪ ከመርካቶ

ባለሙያው ስለ እግር የተናገሩትን አከብራለሁ፤ እኔ ስለ ጫማው ልናገር። መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ ጫማ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እግራቸው እንደ እርስዎ የሆነ ሴቶች በብዛት ወደ እኛ ይመጣሉ።

አብዛኞቹ ሲጠባቸው የሚያደርጉት ቁጥር ጨምሮ መግዛት ነው፤ 38 የሚያደርግ ሰው 39 ወይም 40 ይገዛል። በዚህ ቁጥር አሠራር አንድ ቁጥር ሲጨምር ርዝመቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል፣ ስፋቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተትና ተመልሶ በጠባቡ ጫፍ ውስጥ ይሸጎጣል፣ ተረከዙም ይወላልቃል፤ ጣቶቹም ጫማውን ለመያዝ ሲጨብጡ ይውላሉ። የሚያስፈልግዎት ሰፋ ባለ ፎርማ፣ ማለትም ጫማ በሚሠራበት የእግር ቅርጽ፣ ላይ የተሠራ ጫማ እንጂ ረጅም ጫማ አይደለም።

ሲገዙ ወይም ሲያሠሩ ወረቀት ላይ ቆመው የእግርዎን ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ፣ ከዚያም ጫማውን በሥዕሉ ላይ ያስቀምጡት፤ ሥዕሉ ከጫማው ጎን ወጥቶ ከታየ ያ ጫማ ለእርስዎ አልተሠራም። መለካት ያለብዎት ከሰዓት በኋላ፣ እግርዎ ካበጠ በኋላ ነው፤ ከሁለቱም እግሮች ትልቁን ይከተሉ። ከረጅሙ ጣት ፊት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይኑር። ስፌቱ በጉብታው ላይ የሚያልፍ ጫማ፣ ቆዳው የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ አይግዙ፤ ስፌት አይለጠጥም። ማሰሪያ ያለው ጫማ ከሌለው ይሻላል፣ ምክንያቱም በጉብታው አቅጣጫ ያለውን ቀዳዳ ዘለው ማሰር ይችላሉ። ታኮ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደቱ ወደ ጣቶች ይሄዳልና ከሦስት ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ያለዎትን የቆዳ ጫማም ማስፋት ይቻላል። በፎርማው ላይ ጉብታዎ በሚያርፍበት ቦታ ቁራሽ ቆዳ በማስቲሽ እንለጥፍና ጫማውን አርጥበን ለጥቂት ቀናት እንወጥረዋለን፤ እንዲህ ሲደረግ የሚሰፋው የሚያምዎት ቦታ ብቻ ነው። ይህ የሚሠራው በእውነተኛ ቆዳ ላይ ነው፤ በሰው ሠራሹ ቆዳ ላይ ስንሠራው ወይ ይመለሳል ወይ ይሰነጠቃል፣ ገበያ ላይ ደግሞ ሁለቱን መለየት እየከበደ ሄዷል።

ሶል ለሚጨምሩ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። በፋብሪካው የተለጠፈውን ሶል ሳያነሡ በላዩ ሌላ ሶል መጨመር እግሩን ከፍ አድርጎ ጉብታውን ከጫማው ጣሪያ ጋር ያጋጨዋል። የሚነሣ ሶል ያለው ጫማ ይምረጡ፣ ወይም እስከ ጣቶቹ የማይደርስ አጠር ያለ ሶል ይጠቀሙ። ቤት ውስጥ የምናደርገው ነጠላ ጫማም ጣቶቹን የሚለይ ቢመስልም፣ እንዳይወልቅ ጣቶች ሲጨብጡት ስለሚውሉ ለዚህ እግር አይመከርም፤ በተረከዙ የሚታሰር ሰፊ ሰንደል ይበልጣል።


መልስ፦ ከሐዋሳ

የባለሙያውን አስተያየት ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። እኔ የሌሊት ማሰሪያውን እየተጠቀምኩ ሕመሜ ቀንሷል፤ ጣቴም ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብሎ አየዋለሁ። በጫማ ላይ የሚቀርበውም ክስ የተጋነነ ይመስለኛል። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገጠር በባዶ እግራቸው ኖረው፣ አውራ ጣታቸው ከማናችንም የባሰ የተጣመመ ነበር። ጉዳዩ የዘር ነው።


መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ሕመምዎ መቀነሱ ደስ ይላል፤ የሚጠቅምዎትን ይተዉ የሚል ሰው የለም። ጠዋት ቀጥ ብሎ የሚያዩትን ጣት ግን ማታ፣ ውለው ከገቡ በኋላ፣ ቆመው ይመልከቱት፤ ፎቶም አንሥተው ቢያቆዩት ከወራት በኋላ ለማነጻጸር ይረዳዎታል።

ስለ ዘር የተናገሩት ትክክል ነው፤ እናት ይህ መጣመም ካላት በልጇም ላይ የመታየት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን የሚክድ የለም፤ የጅማት ልልነትና ጠፍጣፋ እግርም አስተዋጽኦ አላቸው። ነገር ግን ዘርና ጫማ አይጣሉም፣ አንዱ በሌላው ላይ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ጫማ የሚያደርጉና የማያደርጉ ቻይናውያን እግር ተመርምሮ የታተመ የታወቀ ጥናት አለ፤ መጣመሙ ጫማ ከሚያደርጉት ከመቶ 33 ያህሉ ላይ ሲገኝ፣ ከማያደርጉት ላይ የታየው ከመቶ ሁለት በማይሞሉት ነው። አያትዎ ከእነዚያ ከሁለቱ አንዷ ነበሩ ማለት ይቻላል። በዘር የመጣውን መለወጥ አንችልም፤ ጫማውን ግን እንችላለን፤ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።


መልስ፦ ከሜሪላንድ

በዚህ በአሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎችና ከዚህ ጫማ ለሚላክላቸው ዘመዶች የሚጠቅም ነገር ልጨምር። እዚህ የሚሸጡ አንዳንድ ጫማዎች ከቁጥራቸው ሌላ የስፋት ፊደል አላቸው። በሴቶች ጫማ ቢ የተለመደው ስፋት ሲሆን ዲ ሰፊ፣ ሁለት ኢ ደግሞ በጣም ሰፊ ማለት ነው። በወንዶች ጫማ ግን የተለመደው ስፋት ራሱ ዲ ስለሆነ፣ ሰፊ የሴት ጫማ ያጣች እህት ቁጥሩን አመሳስላ የወንድ ስፖርት ጫማ ብትገዛ ችግሯ ሊቃለል ይችላል። እኔ ራሴ ሆስፒታል ውስጥ ቆሜ ስሠራ የማደርገው እንዲህ ያለውን ነው፤ የሚያምር አይደለም፣ ግን ከሥራ ሰዓቴ በኋላ እግሬን ይዤ አልቀመጥም።

በልክ የሚሠራ ሶል እዚህ ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃል፣ ኢንሹራንስም ብዙውን ጊዜ አይሸፍነውም። ሜዲኬር የሚባለው በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ያላቸውና የስኳር ሕመም እግራቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ግን ሐኪማቸው ካዘዘላቸው በዓመት አንድ ጥንድ ልዩ ጫማና ሦስት ጥንድ ሶል ይፈቀድላቸዋል፤ ወላጆቻቸውን ያስመጡ ልጆች ይህን ሳያውቁ ከኪሳቸው ሲከፍሉ አያለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን በአንድ እግሬ አድርጌዋለሁ። የወሰንኩት ሰፊ ጫማም ሶልም ሞክሬ መራመድ ሲያቅተኝ እንጂ እግሬ እንዲያምር ብዬ አይደለም፤ ሐኪሜም ሕመም ለሌለው እግር ቢላ አናነሣም ብሎኛል። ረጅሙን አጥንት ቆርጠው አቅጣጫውን አስተካክለው በብሎን ያስሩታል። ለሳምንታት ሶሉ የማይታጠፍ ልዩ ጫማ አድርጌ ነበር የምሄደው፤ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሄድ ደግሞ ብዙ ወራት ወስዷል። ሕመሙ ለቆኛል። ጠባብ ጫማ ግን አሁንም አላደርግም፤ ጣቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ተመልሶ ሊጣመም ይችላልና።

ባለሙያው ካነሡት ጋር የሚሄድ አንድ ጥናትም ሐኪሜ ነግሮኝ በኋላ ራሴ አንብቤዋለሁ። ፊንላንድ ውስጥ 209 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፍለው ነበር፤ አንዱ ወገን ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛው በልክ የተሠራ ሶል ሲያገኝ ሦስተኛው ዝም ብሎ እንዲጠብቅ ተደረገ። ከስድስት ወር በኋላ ሶሉ ከመጠበቅ ይልቅ ሕመምን ቀንሶ ተገኘ፤ በዓመቱ ግን በሕመም ረገድ ሶል ባደረጉትና በጠበቁት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልቀረም፣ ቀዶ ሕክምናው ከሁለቱም በለጠ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እኔ የተረዳሁት፣ ሶል ጊዜ ይሰጣል፤ ወንበር ላይ መቀመጥ የማይፈቅድ ሥራ ላላት ሴት ያም ቀላል ነገር አይደለም።


መልስ፦ መምህርት ከጉለሌ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት የሥራ ጫማዎቼን በወረቀት ላይ ባሰመርኩት የእግሬ ሥዕል ላይ አስቀምጬ አየኋቸው፤ አንዳቸውም ሥዕሉን አልሸፈኑትም። ለስብሰባና ለበዓል የማደርገው ባለ ታኮ ጫማ ላይማ ጉብታዬና ትንሿ ጣቴ በሁለቱም በኩል ወጥተው ይታያሉ።

ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። የመጀመሪያው፣ ሰፊ ጫማ ካሠራሁ በኋላ መለያያውንና ልባሱን እንደገና ልሞክር ወይስ ከነጭራሹ ልተዋቸው? ሁለተኛው የልጄ ነገር ነው። ትምህርት ቤቷ ጥቁር ሽፍን ጫማ ያስገድዳል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው የሴት ልጆች ጫማ ደግሞ ሁሉም ጫፉ የጠበበ ነው።


መልስ፦ ጫማ ሠሪ ከመርካቶ

እህቴ፣ የልጅቱ ነገር ቀላል ነው። የወንዶቹን ባለ ማሰሪያ ጥቁር የተማሪ ጫማ ይግዙላት፤ ፎርማው ክብና ሰፊ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ቀለሙንና ሽፍን መሆኑን ነው እንጂ የወንድ ወይም የሴት መሆኑን የሚለይ መምህር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ለእርስዎ ለበዓል የሚሆን ታኮው ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ጫማ በልክዎ ማሠራት ይቻላል፤ ሲያሠሩ ግን ጥለፉ ወይም ጠፍሩ ከጉብታው በላይ ወይም በታች እንዲያልፍ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከተሰፋ በኋላ ማዛወር አይቻልም።


መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

አዲሱን ጫማ መጀመሪያ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ለሁለትና ሦስት ሳምንታት ያድርጉት። ሁሉንም በአንድ ቀን ከጀመሩ የትኛው እንደጠቀመዎት አያውቁም። ከዚያ በኋላ መታሸቱ ከቀጠለ ልባሱን ይጨምሩ፤ የደነደነው ቆዳ ማመሙን ካላቆመ ትራስ ያላትን ሶል ይሞክሩ፤ አዲስ ሶል ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አያድርጉ፣ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። መለያያውን ከሁሉ በመጨረሻ ያድርጉት፤ ሁለተኛው ጣት እንደገና ካመመ ያስወግዱት፣ ወይም ቤት ውስጥ ጫማ ሳያደርጉ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይጠቀሙበት።

የደነደነውን ቆዳ በምላጭ አይቁረጡ፤ በሞቀ ውኃ ዘፍዝፈው በእግር ድንጋይ ቀስ አድርገው ይሹት። ማታ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሙሉ ውስጥ እግርዎ መሬት ነክቶ፣ ሌሎቹን ጣቶች ሳያንቀሳቅሱ አውራ ጣቱን ብቻ ወደ ሌላኛው እግር አቅጣጫ ለመግፋት ይሞክሩ። መጀመሪያ ላይ አይታዘዝልዎትም፤ በእጅዎ እየረዱት ይለማመዱ። አጥንቱን አይመልስም፣ ግን ጣቱን ወደ ቦታው የሚስበውን ጡንቻ ያነቃቃል፣ ወጪም የለውም።

ወደ ሐኪም ሲመለሱ ሁለቱንም ጫማዎች፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ይዘው ይሂዱ፤ የአሮጌው ሶል አበላል ክብደትዎ የት እንደሚያርፍ ለሐኪሙ ያሳየዋል። ራጅ ከታዘዘልዎትም ቆመው እንዲነሡ ይጠይቁ፤ ተኝተው ከተነሡ ማዕዘኑ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል።